እግሬ የቀረበት ቦታ

ኦዲሊያ ካል የተባለችውን ሴት የጠረጠርኳት ገና ከመኪናዋ ስትወርድ ነው። ወደ እኛ መንደር የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ ጥላ ይፈልጋል፣ ቀጥሎ ውሃ ይጠይቃል፣ ከዚያ ስለ ሙቀቱ ያማርራል። እሷ ግን በመንደራችን በሎማ ሴካ የቀትር ፀሐይ ቆማ ኮረብታዎቻችንን አንድ በአንድ አየቻቸው። እንዲህ የሚያይ ሰው ሊገዛ የመጣ ነው አልኩ በሆዴ።

ገዢ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጦርነቱ ከነዚህ ተራሮች ጠራርጎ ሲያስወጣን፣ ካርታሄና ከተማ ዳር ጭቃ ላይ በቆርቆሮና በላስቲክ ጎጆ ቀልሰን ተቀመጥን። እዚያ ድረስ ተከትለውን መጡ፤ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሱ፣ ትሁት፣ ጎንበስ ብለው እጅ የሚነሱ ሰዎች። «ዶን አኒባል፣ ያ መሬት ከእንግዲህ ለእርስዎ ምን ይረባዎታል? የበቅሎ መግዣ እንስጥዎትና እዚች ላይ ይፈርሙልን» ይላሉ። ጎረቤቶቼ ፈረሙ። ልጁ እየራበው የማይፈርም ማን አለ?

እኔና አበልጄ ኤርሚደስ ግን ዘዴ ነበረን። ላ ኤስሜራልዳ በሚባል ቦታ ጎን ለጎን መሬት አለን፤ የቦዬ ሥራ ሥር ቢቀብሩበት የሰው ጭን የሚያህል የሚያወጣ ጥቁር አፈር። የመሬቱ ወረቀት የለንም፤ ከአባቶቻችን የወረስነው እንዲሁ ነው። ገዢ ሲመጣ ኤርሚደስ ዝም ብሎ ወደ ጉልበቴ ይጠቁማል። ከጉልበቴ በታች ግራ እግሬ የለም። «ላ ኤስሜራልዳ ነው የቀረው። ጥጃ ፍለጋ ወጥቶ ፈንጂ ረገጠ። መሬቱ እንዳለ ፈንጂ ነው፤ ካላመናችሁ ሂዱና ለኩት» ይላቸዋል። ሸሚዛቸውን አስተካክለው ውልቅ ይላሉ። አንዱም ተመልሶ አልመጣም።

ውሸት ነበር። እግሬን ያጣሁት ኤል ቶቱሞ በሚባለው ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ያኔ የእግር መንገድ በነበረው ላይ ነው። ይህንን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔ ስለረገጥኩት፣ ኤርሚደስ በጀርባው ተሸክሞ ስላወጣኝ። ሌላው ሰው ቀድሞ ሸሽቶ ነበር። ልጄ ናዪቤ ያኔ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ያደገችው በላ ኤስሜራልዳው ወሬ ነው። «አባዬ፣ አሞህ ነበር?» እያለች ስንት ጊዜ ጠይቃኛለች! ስንት ጊዜስ እየነገርኳት አልቅሻለሁ! እንባው የእውነት ነበር፤ ቦታው ነው የውሸቱ።

ወደ መንደራችን ከተመለስን በኋላ ላ ኤስሜራልዳ ላይ ቦዬና ካሳቫ ተከልን። ሰው እንደ እብድ ቆጠረን። «ምን ነካችሁ?» ሲሉን ኤርሚደስ «እኛ የት እንደምንረግጥ እናውቃለን» ይልና ደረቱን ይነፋል። አጥር እንኳን አላስፈለገንም። የማንም ላም አልገባብንም፣ የማንም ልጅ አቮካዶ አልሰረቀንም።

ይህ ሁሉ ሰላም እያለን ነው ኦዲሊያ የመጣችው። አገሬ ጓቴማላ ነው ትላለች። ከከተማ ወረቀት ይዞ የመጣ ሁሉ እኛ ዘንድ ዶክተር ስለሆነ ዶክተር አልናት። ሃምሳን የተሻገረች፣ አጠር ደልደል ያለች ሴት ናት። የሰጧትን ትበላለች፣ የትም ትቀመጣለች፤ በሁለተኛው ቀን የውሾቻችንን ስም ሳይቀር አወቀች። ይሄኛው የባሰ አስጠረጠረኝ። የሰው ውሻ ስም ምን ያደርግላታል? ሌላ ቀን ስትመጣ እንዳይጮህባት ካልሆነ በቀር።

አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ አስቀምጬ አፋጠጥኳት።

«ዶክተር፣ ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጦርነት ያለቀበት አገር እሄዳለሁ። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደጎደለው እጠይቃለሁ። ከዚያ የሚሞላለት እፈልጋለሁ።»

«ስንት ዓመት ሠሩ?»

«ሃያ ሁለት። ፔሩ፣ ሄይቲ፣ ላይቤሪያ፤ አሁን ደግሞ እናንተ ጋ፣ የቧንቧ ውሃ ልናስገባ።»

«አሞራም እኮ ጦርነት ያለቀበት ነው የሚሄደው።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ከት ብላ ሳቀች። «አሞራ የውሃ ቱቦ አይቀብርም፣ ዶን አኒባል» አለችኝ። ከዚያ ሳቋ ሳይጠፋ ደብተሯን ገለጠች። «ስለ እግርዎ እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላት። ማለዳ ተነሳሁ፣ ጥጃዬ ጠፍቶ ነበር፣ ላ ኤስሜራልዳ ምንጩ አጠገብ ደረስኩ፣ ረገጥኩ።

«ሲነግሩኝ ሦስተኛዎ ነው» አለች። «ሦስቱንም ጊዜ ቃል በቃል አንድ ነው።»

«እውነት ስንት ዓይነት ነው ታዲያ?»

«እንዲህ ያለ ቀን የደረሰበት ሰው ግን አንዳንዱን ይረሳል፣ አንዳንዱን ያምታታል።» ደብተሯን ዘግታ ውሻዬን በስሙ ተሰናብታ ሄደች። ለካስ እኔ እሷን ስጠረጥር እሷ እኔን እየጠረጠረች ኖሯል።

ይባስ ብሎ ልጄ ወደደቻት። ናዪቤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አፏ እንደኔ ስለት ነው፣ ጭንቅላቷ ግን የእናቷ ነው፤ እናቷ ካርታሄና ሳለን ነው ያረፈችው። ኦዲሊያ የመንደሩ ሠራተኛ አድርጋ ቀጠረቻት። ሰማያዊ ሰደርያና ረጅም ቦት ጫማ ሰጠቻት። ልጄ በየቤቱ እየዞረች፣ ሰውን እየጠየቀች፣ በሰፊ ወረቀት ላይ የመንደሩን ካርታ ሳለች፤ መንገዱን፣ ምንጩን፣ አደጋ የደረሰበትን። ላ ኤስሜራልዳን ዙሪያውን በቀይ ቀለም አሰመረችበት። ምስክሩ እኔ ነበርኩ፣ ሁለተኛው ምስክር የክርስትና አባቷ ኤርሚደስ።

«እንደ ዶክተሯ መሆን ነው የምፈልገው» አለችኝ አንድ ቀን። «የውሃው ሥራ ከተሳካ ፓናማ ልከው ያስተምሩኛል።»

«የኋላ ኋላ መሬታችንን የሚሸጡበትን ካርታ ነው በእጅሽ ያሳሉሽ።»

«አባዬ፣ አንተ ሰው ስትጠረጥር ዕድሜህን ጨረስከው።»

በጥር ወር ኦዲሊያ የጠራቻቸው ስምንት ፈንጂ አምካኞች መጡ። በናዪቤ ቀይ መስመር ዙሪያ የራስ ቅል የተሳለባቸውን ምልክቶች ተከሉና መሬታችንን ዘጉት። ቦዬያችን ከነሥሩ አፈር ውስጥ ቀረ። እኔና ኤርሚደስ በየቀኑ ጉብታው ላይ ተቀምጠን ሰዎቹ በዚያ ሐሩር ወፍራም ሽርጥ ለብሰው፣ በሆዳቸው ተኝተው፣ አፈሩን በትንሽ ማንኪያ ሲጭሩ እናያለን።

«አበልጄ፣ ማሳችንን በማንኪያ እያረሱልን ነው» አለኝ ኤርሚደስ።

«ዝናብ ሲጥል ዘርም ይዘሩልን ይሆናል።»

እስክናነባ ሳቅን። በአምስት ወር ያገኙት አንድ የፈረስ ጫማና የሰርዲን ቆርቆሮ ነው።

ሳቁ ያለቀው አንድ ቅዳሜ ነው። ሰፈሩ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰብስቦ ናዪቤ የውሃውን ነገር አስረዳች። «ቱቦው ከላይ ከተራራው ይመጣል። በላ ኤስሜራልዳ ቢያልፍ ያጥር ነበር፤ ግን እንደምታውቁት ፈንጂ አለ። ስለዚህ በኤል ቶቱሞ አዙረነዋል። እዚያ አንድም አደጋ ተመዝግቦ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ገንዘቡን የሰጡት ለጋሾች ባሉበት ሥራው ይጀመራል። እኔ ከፊት ሆኜ የቱቦውን መስመር የሚያሳየውን ሲባጎ እዘረጋለሁ።»

ሰው አጨበጨበ። አዲሱ መንገድ ከወጣ ወዲህ ኤል ቶቱሞን የሚረግጥ የለም፤ እሾህ ውጦታል። ልጄ እዚያ ሰኞ ከሰው ሁሉ ቀድማ ልትገባ ነው፤ የምትገባውም በእኔ ምስክርነት ነው። ኤርሚደስን ፈለግሁት፤ ቀድሞኝ ወጥቷል።

ቤት ስደርስ ናዪቤ ጓሮ ሰደርያዋን እያጠበች ነበር። ክራንቼን ግንቡ ላይ አስደገፍኩና ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«ኤል ቶቱሞ አትግቢ። እግሬን ያጣሁት እዚያ ነው።»

«አባዬ፣ ይሄ አያስቅም።»

«ላ ኤስሜራልዳ ንጹሕ ነው። መሬቱን ከገዢዎቹ ለማዳን እኔና የክርስትና አባትሽ የፈጠርነው ወሬ ነው።»

እጇን ከአረፋው አወጣች። «የቱ ነው ውሸቱ?» አለች።

«የድሮው።»

«የድሮውን ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። አሁን አላለቀስክም።»

«አሁን ፈርቼ ነው!»

«እሺ፣ ይሁን። ኤል ቶቱሞ ምን ትሠራ ነበር?»

«ጥጃ ፍለጋ።»

«ኤል ቶቱሞ ሣር በቅሎ አያውቅም። መንገዱ የሚወስደው ወደ አስፋልቱ ነው። ጥጃው አውቶቡስ ሊሳፈር ነው የሄደው?»

መልስ ነበረኝ፤ ግን ልናገረው የምችለው መልስ አልነበረም። ዓይኔን ሳሸሽ አየችና ፊቷ ተለወጠ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው።

«ማነው የላከህ?» አለች ቀስ ብላ። «ምልክቱ ተነስቶልህ ቦዬህን ልታወጣ ነው? ወይስ ገዢዎቹ ናቸው? ንጹሕ ነው ከተባለ ዋጋው ይወጣል፣ አይደል?»

«ናዪቤ! የአባትሽን እግር ነው የምልሽ!»

«በእማማ መቃብር ማልክልኝ እኮ፣ አባዬ። ላ ኤስሜራልዳ ነው ብለህ፣ በእማማ መቃብር።» ሰደርያዋን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። «ፓናማ እንዳልሄድብህ ከሆነ ደግሞ፣ እሱንም እወቀው፤ እሄዳለሁ።»

ወደ ኤርሚደስ ሄድኩ። መረብ አልጋው ላይ ተጋድሞ ትንባሆ ይጠቀልላል።

«አበልጄ፣ ለኦዲሊያ አብረን እንነግራታለን» አልኩት።

«ካበድክ ብቻህን እበድ።»

«የክርስትና ልጅህ ናት!»

«እዚያ የነበረችው ፈንጂ አንዲት ናት፤ እሷንም እግርህ ጨረሳት። አሁን ንጹሕ ነው።»

«አንድ ብቻ ቀብሮ የሚሄድ የት አይተህ ታውቃለህ?»

ተነስቶ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኤል ቶቱሞ ነው ብል ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቁኝ ታውቃለህ። እዚያ ምን ትሠሩ ነበር ይሉኛል። እሱን ልንገራቸው?» ትንባሆውን አስቀመጠ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሚስቴ እንኳን አልተነፈስኩም፣ አኒባል። አሁን እኔን ክፉ አታድርገኝ።»

እሁድ ስልክ ወደሚይዝበት ጉብታ በክራንቼ እየተንፏቀቅሁ ወጣሁ። ኦዲሊያ ለጋሾቹን ልትቀበል ካርታሄና ወርዳለች። ስልኳ ዝግ ነው። እስኪመሽ ደወልኩ፤ አልተከፈተም።

ሰኞ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ኤል ቶቱሞ አፍ ላይ ተሰበሰበ። ለጋሾቹ ሦስት ናቸው፤ ፀሐዩ ፊታቸውን አቅልቶታል፣ አስተርጓሚያቸው ጆሯቸው ሥር ያንሾካሹካል። መሬቱ ላይ በኖራ መስመር ተሰምሯል። ናዪቤ የታጠበ ሰደርያዋን ለብሳ የሲባጎ ጥቅል ይዛ ቆማለች። በሰዉ መሐል ተጋፍቼ ኦዲሊያ ፊት ቆምኩ።

«ዶክተር፣ ሦስት ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳት። «እግሬ የቀረው እዚህ ነው፤ ያ ቅል የሚያፈራው ዛፍ ሥር።»

ኦዲሊያ እጇን አነሳች። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ። ፈንጂ የሚል ቃል ከተሰማ ሥራ ይቆማል» አለች። ምንም አልተገረመችም፣ እኔንም አልሰደበችኝም። ዞር ብላ «ዶን ኤርሚደስ፣ እርስዎ ነዎት ያነሷቸው። የት ነበር?» አለችው።

ኤርሚደስ ባርኔጣውን እያሽከረከረ መሬት መሬት አየ። «ላ ኤስሜራልዳ» አለ።

ሰዉ ጉምጉም አለ። «ስንት ሰጡህ፣ አኒባል?» አለ አንዱ ከኋላ። «ውሃ እንዳናገኝ ነው!» አለች ሌላዋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በውሸቴ ያመነኝ ሕዝብ፣ እውነት በተናገርኩባት ደቂቃ ሌባ አደረገኝ።

ናዪቤ አንገቷ ድረስ ቀላች። «ዶክተር፣ ስለ አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «አሳያችኋለሁ።» ማንም ሳይደርስባት ኖራውን ተሻገረች።

ኦዲሊያ ስሟን ጠራች። አልዞረችም። ሲባጎውን እየለቀቀች፣ እሾሁን በቦቷ እየረገጠች ሄደች። ወደ ቅል ዛፉ ሰባት እርምጃ ያህል ሲቀራት ኤርሚደስ ባርኔጣውን ጥሎ ጮኸ።

«ናዪቤ! ቁሚ! እግርሽን እንዳታነሺ! እዚያ ነው፣ እዚያው ነው ያነሳሁት!»

ቆመች።

ኦዲሊያ በሬዲዮ ፈንጂ አምካኞቹን ጠራች። ላ ኤስሜራልዳ ናቸው፤ ንጹሕ አፈር ሲጭሩ። ዕቃቸውን ሰብስበው፣ በተራራው ዞረው እስኪደርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጄ በእሾህና በፀሐይ መሐል እጆቿን ጎኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆማለች። እኛ ከኖራው ወዲህ ነን። ሰዉ ፀጥ ብሏል፤ አንዳንዱ ይጸልያል።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። ከዚያ ተናገረች።

«ሁለታችሁም ውሸታሞች ናችሁ!» አለች ሳትዞር። «ጋሼ ኤርሚደስ፣ ቅድም ላ ኤስሜራልዳ አላልክም? ተማክራችሁ ነው የመጣችሁት። ሥራውን ልታስቆሙ! ሁለታችሁም እዚያ መሬት አላችሁ!»

«የኔ ልጅ፣ አትንቀሳቀሺ» አላት ኤርሚደስ እያለቀሰ።

«እግሬ ደንዝዟል። የመጣሁበትን ረግጬ እመለሳለሁ።»

«ናዪቤ፣ እኔ አምኛቸዋለሁ» አለች ኦዲሊያ።

«እርስዎ ሁሉንም ነው የሚያምኑት፣ ዶክተር። ሥራዎ ነው።»

የቀኝ ተረከዟ ከመሬት ሲነሳ አየሁት። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ብምልም ብለምንም እንደማታምነኝ ነው። የሚታመን አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ።

«ጥጃ አልነበረም!» አልኩ። እንዲሰማት መጮህ ነበረብኝ፤ ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ሰማ። «ያን ቀን ታጣቂዎቹ መንደሩን እስከ ቀትር ልቀቁ ብለውናል። እኛና የክርስትና አባትሽ ብቻ ነን የቀረነው። እናትሽ በወባ ተኝታ መቆም አትችልም። አንቺን አዝዬ፣ እሷን ደግፌ የትም እንደማልደርስ አየሁት። ብቻዬን ግን እደርሳለሁ። ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ጥያችሁ ነው የሄድኩት፣ ናዪቤ። በዚህ በኩል፣ ወደ አስፋልቱ።»

አስተርጓሚው ማንሾካሾኩን አቆመ።

«ኤርሚደስ ሮጦ ደረሰብኝ። ‘ሚስትህና ልጅህስ?’ አለኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የተራመድኩት። እኔን ተሸክሞ፣ እናንተን በአህያው ጭኖ ያወጣን እሱ ነው። ለእናትሽ ላ ኤስሜራልዳ ነው ያልናት እኔ ለምኜው ነው። መሬቱ ኋላ የመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የደበቅሁት መሬት አልነበረም።»

የሰው ፊት ማየት አልቻልኩም። የሷን ተረከዝ ብቻ ነበር የማየው።

«ነቅቼ ነበር» አለች። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «በሩ ላይ የት ትሄዳለህ ብዬሃለሁ።»

«ብለሽኛል።»

«ጥጃ ፍለጋ አልከኝ» አለች። «የክት ሸሚዝህን ለብሰህ ነበር።»

«አዎ።»

ተረከዟ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ። ከዚያ በኋላ ዞራ አላየችኝም፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

አምካኞቹ ደርሰው በሆዳቸው እየተሳቡ እስኪደርሱባት ሌላ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከቀኝ ቦቷ ጫፍ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ከሥር መርፌ የተሰካበት፣ በላስቲክ ጣሳ የተሠራ ፈንጂ አገኙ። ከኋላዋ ደግሞ፣ ልትመለስበት ባሰበችው በኩል፣ ሌላ። በጠረጉት ጠባብ መስመር አስከትለው አወጧት። እጆቼን ዘርግቼ ቆሜ ነበር። በአጠገቤ አልፋ ኤርሚደስ ትከሻ ላይ ፊቷን ቀበረች፤ ኤርሚደስ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔ ክራንቼን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልክ ናት፤ እኔም ብሆን ወደ እሱ ነበር የምሄደው።

ከላ ኤስሜራልዳ ምልክቶቹ ተነሱ። ኤል ቶቱሞ እስከ ዛሬ ስድስት ፈንጂ ወጥቶበታል። ናዪቤ «የተሳሳተ ካርታ የሳልኩት እኔ ነኝ፣ ፓናማ ሌላ ሰው ይሂድ» ብላ ለኦዲሊያ ጻፈች። ኦዲሊያ ግን ወረቀቱን አልተቀበለቻትም። «እኔም ሦስት ጊዜ ሰምቼ ዝም ብያለሁ» አለቻት አሉ። «ጠርጥሬ ነበር፤ ጥርጣሬዬን ግን የትም አልጻፍኩትም።» ለበላዮቿ በራሷ ላይ ጽፋ ላከች። ስለሷ የነበረኝን ጥርጣሬ ሁሉ ያን ቀን ተውኩት፤ ገዢዎቹን ግን ገና አልተውኳቸውም፣ ይመጣሉ።

ናዪቤ ከቤት ወጥታ ክርስትና አባቷ ዘንድ ተቀመጠች። በሦስተኛው ሳምንት ሰደርያዋን ለብሳ፣ ቅጽ ይዛ በረንዳዬ ላይ መጣች። ምስክርነቱ እንደ አዲስ መሞላት አለበት። ወንበር ስቤ ሰጠኋት። የቀዳሁላትን ውሃ አልነካችም።

«ስምዎ?» አለችኝ።

«ናዪቤ…»

«ለመዝገቡ ነው።»

ነገርኳት። ዕድሜዬን ነገርኳት። የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር ነገርኳት። አንዳንዱን ረሳሁት፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አረምኩ። ሁሉንም ሳታቋርጠኝ ጻፈችው። አንድም ቃል አልተጠራጠረችም።

ቅጹ መጨረሻ አካባቢ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት፤ ጠያቂው ከምስክሩ ጋር ዝምድና አለው ወይ ይላል። ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አንስታ ወደ መንገዱ አየች። አንድ በቅሎ እንጨት ተጭኖ እስኪያልፍ ድረስ አየች።

«አዎ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።